በጓዳ በር የገባው ድምፅ

ሰው በንግግሩ ይታወቃል፤ በዝምታውም ይታወቃል። አባ ገመድ በዝምታቸው የታወቁ፣ ለወዳጅ ያላደሉ፣ ባላጋራ ያላበጁ፣ የተሰጣቸውን ጥቂት ነገር እንደ ታላቅ አደራ የጠበቁ ሰው ናቸው። ሹመት አያውቁም፤ ርስትም የላቸውም። ሥራቸው አንድ አዳራሽ መጥረግና ሁለት በር መክፈት ነው። ይህንንም ሥራ ሌላው ሰው ጸሎቱን በሚይዝበት ልብ ይዘውት ኖረዋል።

«አባ ገመድ» እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ስሙን ያወጣላቸው ከተማው ነው፤ ነገሩም እንዲህ ነው።

ከተማዪቱ በድንበር ጫፍ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ድንበሩ በአባቶች ዘመን አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ ሲገፋ ቀድሞ የነበረው ሕዝብ በታችኛው ሰፈር ቀረ፤ ከወዲያ ተፈናቅሎ የመጣው በላይኛው ሰፈር ሰፈረ። በመካከላቸው አንድ ሰፊ ጎዳና ያልፋል። ብዙ ዘመን ተጋብተውና ተዋልደው፣ ተኳርፈውና ታርቀው ኖሩ። ኋላ ግን ክፉ ዓመት መጣ። ከሁለቱም ሰፈር ቤት ተቃጠለ፤ ከሁለቱም ሰፈር ሰው ተቀበረ። ማን ጀመረው ብሎ ዛሬም የሚጠይቅ ሰው፣ የሚያገኘው መልስ በቆመበት የጎዳና ዳር ይወሰናል።

እርቅ በወረደ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሁለቱም ሰፈር የሚሰበሰብበት አዳራሽ በጎዳናው ራስ ላይ አሠሩ። አንዱ በር ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ሌላው ወደ ታችኛው ሰፈር ይመለከታል። የላይኛው ሰው በታችኛው በር አይገባም፤ የታችኛውም በላይኛው በር አይወጣም። ይህ በየትም አልተጻፈም፤ ነገር ግን ከተጻፈው ሕግ ይልቅ የጸና ሆነ። በመጀመሪያው ስብሰባ ቀን አንደኛው በር ቀድሞ ስለ ተከፈተ ብቻ ጠብ ሊነሣ ምንም አልቀረውም ነበር። «እነሱ ባለ ቤት፣ እኛ ደጅ ጠኚ ሆንን» ተባለ። አዲሱ በረኛ ነገሩን አይተው ዝም አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ረጅም ገመድ አምጥተው ጫፍና ጫፉን በሁለቱ በሮች መቀርቀሪያ ላይ አሰሩ፤ ከአዳራሹ መካከል ቆመው አንድ ጊዜ ሲስቡት ሁለቱ መቀርቀሪያዎች እኩል ተላቀቁ፤ ሁለቱ በሮችም እኩል ወለል አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስማቸው አባ ገመድ ሆነ።

ለዚህ ሥራ የተመረጡበት ምክንያትም ነበረው። እሳቸው የታችኛው ሰፈር ልጅ ናቸው፤ ባለቤታቸው የላይኛው ሰፈር ልጅ ናቸው። ከክፉው ዓመት በፊት የተጋቡ ስለ ነበሩ፣ ያ ዓመት ሲመጣ ከሁለት ያጡ ሆነው ቀሩ። የባል ዘመዶች ሰላምታቸውን አሳጠሩ። የሚስት ወንድም ደግሞ ጭራሽ ተወው። ይህ ወንድም በላይኛው ሰፈር የወፍጮ ቤት ያለው፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው። እናታቸው ቀድማ ስለ ሞተች በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እኚሁ ታላቅ እህቱ ናቸው። ነገር ግን የአባታቸው ቤት በተቃጠለበት ሳምንት «ከእንግዲህ የእህቴን ደፍ አልረግጥም» ብሎ በሰው ፊት ተናገረ፤ በሰው ፊት የተናገሩትን ቃል ማጠፍ ደግሞ እንደሚታወቀው ከባድ ነው።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ እኒህን የሁለቱም የሆኑና የማንም ያልሆኑ ባልና ሚስት በአዳራሹ አኖሯቸው። በቀጠሯቸውም ጊዜ ለባልየው አንድ ነገር አደራ አሏቸው፤ በስብሰባ ላይ ቃል እንዳይተነፍሱ። የተነፈሰ ለአንዱ ያደላልና። አባ ገመድም ይህን ቃል እንደ መሐላ ተቀበሉት። ሰዎች ስለ ውሃ መስመር ሲጨቃጨቁ፣ ስለ መንገድ ሲሰዳደቡ፣ እሳቸው ገመዳቸውን ይዘው ከግድግዳው ጋር አንድ ሆነው ይቆማሉ። አስተያየት ሲጠየቁ «ዝም አይነቅዝም» ብለው ፈገግ ይላሉ።

መኖሪያቸው ከአዳራሹ በስተጀርባ የተለጠፈች አንዲት ክፍል ናት። ስትሠራ ለማገዶና ለተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ታስባ ስለ ነበር ወደ ኋላው ጠባብ ሰርጥ የሚያወጣው በሯ ዝቅ ያለ ነው፤ ረጅም ሰው ጎንበስ ሳይል አያልፍበትም። ከውስጥ ሌላ መዝጊያ ወደ አዳራሹ ያስገባል። ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ መድኃኒት የሚደረደርባት ጠባብ መደርደሪያ፣ አቧራ እንዳይነካው በጨርቅ የተሸፈነ ሬዲዮ አለ። ግድግዳው ላይ ቀለሙ ያረጀ መጋረጃ ተሰቅሏል። አባ ገመድ ሁለቱን ትላልቅ በሮች ለሕዝብ ይከፍታሉ እንጂ ራሳቸው በአንዳቸውም ወጥተው ወይም ገብተው አያውቁም። በሰርጡ ይወጣሉ፤ በሰርጡ ይገባሉ። ስለዚህም ነገር ሰው ሲያፌዝባቸው «በር ከፋች ነኝ እንጂ በር ገቢ አይደለሁም» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸው ስኳር አለባቸው። ከጊዜ በኋላ ቀኝ እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል ወጣ። ከአዳራሹ እልፍ ብሎ በጎዳናው ላይ ጤና ጣቢያ አለ፤ ነርሷ ቁስሉን ታጥብላቸዋለች፣ መድኃኒቱንም ትሰጣቸዋለች። አባ ገመድ ባለቤታቸውን ደግፈው፣ ባለቤታቸው ዱላቸውን ተደግፈው፣ በየጥቂቱ እያረፉ እዚያ ይደርሳሉ። ከዚያ የራቀ መንገድ ግን አይችሉም።

ታዲያ አንድ ቀን ነርሷ ቁስሉን እየጠቀለለች ያልጠበቁትን ነገር ነገረቻቸው። ከተማዪቱ በምክር ቤት አንድ ወንበር አላት፤ ወንበሩ ግን ከክፉው ዓመት ወዲህ ባዶ ነው። ምርጫው በታችኛው ሰፈር ትምህርት ቤት ሲደረግ የላይኛው ሰው ቀረ። በላይኛው ሰፈር መጋዘን ሲደረግ የታችኛው ሰው ቀረ። አሁን ከበላይ የመጣው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ በዚህ ምርጫ ከእያንዳንዱ ሰፈር ከተመዘገበው ሰው ከግማሽ የሚበልጠው ካልመረጠ፣ ወንበሩ ታጥፎ ከተማዪቱ ማዶ ባለችው ትልቅ ከተማ ሥር ትገባለች። ጤና ጣቢያውም አብሮ ይዘጋል፤ ሰው በመኪና ወደ ትልቁ ከተማ እየሄደ ይታከማል።

«በመኪና?» አሉ ባለቤታቸው።

ነርሷ የጨርቁን ጫፍ አሰረች። ጣቢያው ከተዘጋ እሷም የምትዛወረው ወደዚያው ነበር።

ባልና ሚስት በየጥቂቱ እያረፉ ወደ ቤት ተመለሱ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው፣ ነገሩ ለሁለቱም ግልጽ ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን አባ ገመድ የአዳራሹን መስኮቶች ከወትሮው አብዝተው መወልወል ያዙ።

ምርጫው በዚያው አዳራሽ እንዲሆን ተወሰነ። የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ከሩቅ የመጣች፣ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ወጣት ሴት ነበረች። አዳራሹን ስታይ ደስ አላት፤ ሁለት በር ያለው ቤት ለምርጫ የተመቸ ነውና። ሕዝቡ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፤ የመረጠና ያልመረጠ አይቀላቀልም። በላይኛው በር ላይ «መግቢያ»፣ በታችኛው በር ላይ «መውጫ» የሚል ወረቀት በገዛ እጇ ለጠፈች። መሰላሉን የያዙላት አባ ገመድ ነበሩ። ወረቀቱን አዩት፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምን አሉኝ፣ አባባ?» አለቻቸው ከላይ ሆና።

«መሰላሉ ይወዛወዛል፤ ተጠንቀቂ፣ ልጄ» አሏት።

በማታው ይህን ለባለቤታቸው ሲያወጉ፣ ባለቤታቸው ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ልጅቷ ገና ከመሰላሉ ሳትወርድ መናገር እንደ ነበረባቸው ነገሯቸው። አባ ገመድ እንደ ልማዳቸው ዝም አይነቅዝም አሉ። «ዝምታህስ አይነቅዝ» አሏቸው ባለቤታቸው፣ «እግሬ ግን እየነቀዘ ነው»።

የምርጫው ቀን ብሩህ ሆኖ ነጋ። አባ ገመድ የታጠበ ሸሚዛቸውን ለብሰው ገመዱን ሳቡ፤ ሁለቱ በሮች እኩል ወለል አሉ። ውጭ ሕዝብ ሞልቷል። የላይኛው ሰፈር ሰው በራሱ በር ፊት፣ የታችኛው ሰፈር ሰው በራሱ በር ፊት ተሰልፎ ቆሟል፤ ለመምረጥ ያልፈለገ ሕዝብ አልነበረም። ኃላፊዋ ጠረጴዛዋን አስተካክላ ወደ ላይኛው በር ሄዳ ግቡ አለች። በሰልፉ ራስ የቆመው ባለ ወፍጮው ነበር፤ ረጅም፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ልብሱን ቢያጥበውም ዱቄቱ ከቅንድቡ የማይለቅ ሰው።

«መግባቱንስ በበራችን እንገባለን» አለ። «መውጫችንን ንገሪን፣ እህቴ።»

«በዚያ በኩል ነው» አለች በጣቷ እያሳየች።

«በዚያ በኩል የወጣ ዘመድ የለኝም።»

ከኋላው የቆሙት ሳቁ። ከታችኛው በር በኩል ደግሞ አንድ ቀለም ቀቢ፣ ምላሱ ከብሩሹ የማያንስ ሽማግሌ፣ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበና ወደ ጎረቤቱ ዞሮ፣ ለላይኞቹ መግቢያ፣ ለእኛ መውጫ ከደረሰን ሳንገባ ወጥተናል ማለት ነው፤ ቤታችን እንሂድ አለው። በዚያም በኩል ተሳቀ። ሳቁ ግን እግር አላነቃነቀም።

ኃላፊዋ ትጉህ ነበረችና ብዙ ሞከረች። ወረቀቶቹን እስከ ቀትር እንዲህ፣ ከቀትር በኋላ እንዲያ አድርጋ ልትለዋውጣቸው ሐሳብ አቀረበች፤ ከሁለቱም ወገን የመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ፊተኛው የማን ነው የሚል። እያንዳንዱ በበሩ ገብቶ በበሩ ይውጣ ቢባል መመሪያው አይፈቅድም፤ ታዛቢዎቹም አንስማማም አሉ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ሣጥኑ በአዳራሹ መካከል ብቻውን ቆሟል። አንዳንዱ ሰው ሰልፉን ለቅቆ በጥላ ተቀመጠ፤ አንዳንዱም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከጓዳው የባለቤታቸው ድምፅ ተሰማ። አባ ገመድ ገመዳቸውን ለቀው ወደ ውስጥ ገቡ።

«ምንድን ነው ዝም ያለው? ሰው አልመጣም ወይ?»

«ሰውማ መጥቷል። የሚገባ የለም እንጂ» ብለው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው።

ባለቤታቸው አልጋ ላይ ሆነው ሳቁ። «እንግዲያስ በእኔ ጓዳ ይግቡ። ያልተጣሉበት በር እሱ ብቻ ነው የቀረው።»

አባ ገመድ አልሳቁም። ወደ ሰርጡ የሚያወጣውን ዝቅተኛ በር አዩ፤ ወደ አዳራሹ የሚያስገባውን መዝጊያ አዩ፤ ከአንዱ እስከ ሌላው ያለውን ወለል በዓይናቸው ለኩት። አልጋው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን መለሱ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀልዴን ነው» አሉ ባለቤታቸው።

«አውቃለሁ።»

«አልጋዬ አለ። ባልዲው አለ። ይህ እግሬ አለ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አፌን ያልከፈትሁት።»

ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጥቂት ቆዩ። ድፍን ከተማ ሲያልፍበት ሊውል የሚችለው ይህ ክፍል ብዙ ዓመት እንግዳ አላየም። የባል ዘመድ አልመጣበትም፤ የሚስት ዘመድ አልመጣበትም። ድህነት ሰው ሲያየው ይብሳል፤ ሕመምም እንዲሁ። ይህንን ሁሉ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ አባ ገመድ አልለመኑም፤ ቆመው ጠበቁ።

«ሻሼን አቀብለኝ» አሉ ባለቤታቸው በመጨረሻ። «አልጋውን በመጋረጃው ጋርደው። ወንበሩን ከበሩ አጠገብ አድርግልኝ። ሰው ቤቴ ሲገባ ተኝቼ አልቀበልም።»

አባ ገመድ እንደ ታዘዙት አደረጉ። ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ሄደው አንድ ሦስተኛ በር እንዳለ ነገሯት። እሷም በሰርጡ ዞራ መጥታ በሩን ስትሻገር ግንባሯን ጉበኑ ላይ መታች፤ ግንባሯን እያሻሸች ባለቤታቸውን ይቅርታ ጠየቀች፣ ክፍሉን ተመለከተች፣ ለአለቆቿ ስልክ ደወለች። መመሪያው መግቢያው ከመውጫው ይለይ ይላል እንጂ መውጫው ሁለት እንዳይሆን አይከለክልም። ሁሉም በጓዳው በር ይገባል፤ ከመረጠ በኋላ እያንዳንዱ ወደ ሰፈሩ በሚመለከተው በር ይወጣል። ታዛቢዎቹ ተያዩ፤ የሚቃወሙበትም ነገር አጡ።

ይህን ለሕዝቡ መናገር ያስፈልግ ነበር፤ ኃላፊዋ ድምፅ ማጉያውን አንሥታ ጀመረች፣ ሕዝቡ ግን አጉረመረመ። የሰው ጓዳ ምን ሊሆን ነው፣ ይህ ምን ዓይነት ንቀት ነው ተባለ። ያን ጊዜ አባ ገመድ ድምፃቸው ወደ ሁለቱም በር እኩል በሚደርስበት፣ ገመዱን በሚስቡበት ስፍራ ቆሙ። እጃቸው ባዶ ነበር፤ የት እንደሚያደርጉትም አላወቁም።

«እናንተ ሰዎች» አሉ፤ ሕዝቡም ድምፃቸውን ስለማያውቀው ጸጥ አለ። «በእነዚህ በሮች እኔ ገብቼ አላውቅም፤ መርጬም አላውቅም። ዛሬ በቤቴ በር ገብቼ ልመርጥ ነው። ቤታችን ጠባብ ነው፤ በሩም ዝቅ ያለ ነው። ባለቤቴ ግን ተነሥታ ተቀምጣ እየጠበቀቻችሁ ነው።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም። በጓዳው አልፈው ወደ ሰርጡ ወጡ፤ ዞረውም በዚያው በር ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ወረቀታቸውን ተቀበሉ፤ በአዳራሹ ካለው የመምረጫ መጋረጃ ኋላ ቆይተው ሣጥኑ ውስጥ ጨመሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ባለቤታቸው በዱላቸው ተደግፈው እነዚያን ጥቂት እርምጃዎች ሄደው መረጡና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ከታችኛው ሰፈር ቀለም ቀቢው ቀድሞ መጣ፤ ለመምረጥም ለማየትም ሳይሆን አይቀርም። ሲገባ ራሱን መታ።

«ይህን በር የሠራው ድንክ ነበር እንዴ?» አለ።

«አንተ ቀጥ ብለህ ስትሄድ ማን አይቶህ ያውቃል?» አሉ ባለቤታቸው። «ዛሬ ምን አቀናህ?»

ከውጭ ያሉት ሰምተው ሳቁ፤ የላይኛው ሰፈር ሰዎችም ሳቁን ተከትለው ወደ ሰርጡ ብቅ አሉ። በሰርጡ ሁለት ሰልፍ ሆነ። ማን ይቅደም የሚለው ነገር እንደገና ሊነሣ ሲል ባለቤታቸው ከወንበራቸው ሆነው ቤቱ የእኔ ነው፣ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች፣ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች እያሉ ማስገባት ጀመሩ። በሰው ቤት ደግሞ የሚታዘዘው ለባለቤቱ ነው።

ሌላም ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። አዳራሽ የሕዝብ ነው፤ ሰው አዳራሽ ሲገባ ማንንም ሰላም ሳይል ሊገባ ይችላል። ቤት ግን ቤት ነው፤ የተቀመጠች ሴት እያየ እንደምን ዋላችሁ ሳይል የሚያልፍ የሰው ልጅ የለም። ስለዚህ የላይኛውም የታችኛውም ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ እንደምን ዋላችሁ ይላል፤ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ተራ የሚጠብቀው ሌላው ሰው ደግሞ፣ ሰላምታው ለቤቱ ሁሉ ነውና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ይመልሳል። ብዙ ዓመት ቃል ያልተለዋወጡ ሰዎች ይህን ያህል ተነጋገሩ። ከዚህ በላይ ነበር ብንል ግን ሐሰት ይሆናል።

ቀትር አለፈ። ኃላፊዋ እስካሁን የመጣውን አስልታ ለአባ ገመድ በቀስታ ነገረቻቸው፤ የታችኛው ሰፈር ግማሹን አልፏል፤ የላይኛው ገና ነው፤ በወፍጮ ቤቱ አካባቢ ያለው ሰው አልመጣም። አባ ገመድ ምክንያቱን አልጠየቁም። ባለ ወፍጮው ከጠዋቱ ሰልፍ ወጥቶ ሄዷል፤ ጎረቤቶቹም እሱን ያያሉ። ባለቤታቸውም ይህን ሳይነገራቸው ያውቁ ነበር፤ ሰው በገባ ቁጥር ቀና እያሉ ያዩ ነበርና።

አባ ገመድ በሰርጡ ዞረው ወደ ላይኛው ሰፈር ወጡ። ወፍጮው ጸጥ ብሏል፤ ባለ ወፍጮው ከቤቱ ግድግዳ ሥር በባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። አባ ገመድ ቆመው ሰላም አሉት፤ መለሰላቸው። ስለ ወንበሩም ስለ ምክር ቤቱም ምንም አልነገሩትም።

«አልጠራችኝም» አለ እሱ ራሱ ቀድሞ።

«አልጠራችህም። ወንበሯን ግን ወደ በሩ አዙራ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ አልተነሣችም።»

«ቃል ተናግሬያለሁ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። እኔም ቃል ነበረብኝ፤ ዛሬ ተናገርሁ።»

ይህን ብለው ተመለሱ። ወደ ኋላቸው አላዩም።

ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ስትቃረብ በሰርጡ ያለው ሰልፍ ሳስቶ ነበር። በጓዳው በር ላይ ጥላ ወደቀ። ባለ ወፍጮው ደፉን ሳይረግጥ ቆሞ ነበር።

«እታለም» አለ።

ባለቤታቸው ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «ግባ። ራስህን ጠብቅ» አሉት።

ገባ፤ ጉበኑም ግንባሩን አገኘው።

«በልጅነትህም ስትሮጥ በር አታይም ነበር» አሉት።

ሊስቅ አሰበ። ዓይኑ ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ በበርጩማ ላይ ከተዘረጋው እግራቸው ላይ ወደቀና ቀረ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ስኳር ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ።»

«ለምን አልላክሽብኝም?»

«በየትኛው በር?» አሉት፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

ባለ ወፍጮው በክፍሉ መካከል ጎብጦ ቆመ፤ ጣሪያው ግን እዚያ ላይ ለቁመቱ ይበቃ ነበር። ከኋላው ተራ የሚጠብቅ የታችኛው ሰፈር ሰው ጫማውን ያይ ጀመር።

«በል ሂድ ምረጥ» አሉት ባለቤታቸው። «ሰው አታስቁምብኝ። ስትጨርስ ትመለሳለህ።»

መረጠ። በላይኛው በር መውጣት ሲገባው ኃላፊዋ እያየችው በጓዳው በኩል ተመለሰ፤ ታዛቢዎቹ ይህን ከመመሪያው ውጭ ነው ብለው ሊናገሩ ሲሉ ኃላፊዋ እህቱን ሊጠይቅ ነው ብላ ዝም አሰኘቻቸው። ወሬ ከወፍጮ ይልቅ ይፈጥናልና፣ ባለ ወፍጮው እህቱ ቤት መግባቱ ሲሰማ የሰፈሩ ሰው ጥድፍ ጥድፍ እያለ ወረደ። ሣጥኑ በታሸገ ጊዜ ሁለቱም ሰፈር ግማሹን አልፎ ነበር፤ የላይኛው በጥቂት፣ ግን አልፎ ነበር።

አባ ገመድ ገመዱን ወደ ኋላ ሳቡት፤ ሁለቱ በሮች እኩል ተዘጉ። የጓዳው በር ግን በዚያ ቀን እስኪመሽ ተከፍቶ ቆየ።

የተመረጠው የታችኛው ሰፈር ሰው ነው። የላይኛው ሰፈር አጉረመረመ፤ አሁንም ያጉረመርማል። ተመራጩ ግን ያለ ላይኛው ሰፈር ድምፅ ወንበሩ እንደማይኖር ያውቃልና፣ ቅሬታ የሚሰማበት ቀን ሲኖረው በሁለቱም በር የሚመጣውን ይሰማል። የመጀመሪያው ሥራውም ጤና ጣቢያው እንዳይነካ ማድረግ ሆነ፤ ነርሷም አልሄደችም። ስለ ውሃ መስመሩና ስለ መንገዱ የነበረው ጭቅጭቅ እንዳለ ነው። የሁለቱ በሮች ሥርዓትም እንዳለ ነው። ሰዎች አባ ገመድን ማንን እንደ መረጡ ጠይቀዋቸዋል፤ ሁለቱም ሰፈር የእኛን ነው ይላል። ባለቤታቸውም ጠይቀው መልስ አላገኙም።

ባለ ወፍጮው ወፍጮው በሚዘጋበት ቀን ሁሉ በሰርጡ ይመጣል። እህቱን ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸው አሁን እሱ ነው፤ በአንድ ወገን እሱ፣ በሌላው ወገን አባ ገመድ ሆነው ይደግፏቸዋል። የአዳራሹ ኮሚቴ ከምርጫው በኋላ የጓዳውን በር ከፍ ለማድረግ አስቦ ግንበኛ ልኮ ነበር። ባለቤታቸው ግንበኛውን ከደጅ መለሱት። በሩ ከፍ ካለ ወንድሜ ግንባሩን መምታት ይተዋል፣ ግንባሩን ካልመታ ደግሞ የማን ቤት እንደ ገባ ይረሳል አሉት።

አባ ገመድ ዛሬም ከአዳራሹ መካከል ቆመው ገመዳቸውን ይስባሉ። ስብሰባ ሲሆን ከግድግዳው ጋር አንድ ሆነው ይቆማሉ። አንዳንድ ጊዜ ግን፣ ነገር ሲከርርና ሰው መውጫ ሲያጣ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ሕዝቡም ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

በሩን ለሁሉ የሚከፍት አምላክ ለአባ ገመድ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። የባለቤታቸውን እግር ይጠግንላቸው። ያችን ጠባብ ጓዳ ከክፉ ይጠብቃት፤ ጎንበስ ብሎ የሚገባ እንግዳ ከደፏ አይጥፋ። አሜን።